ከጓንግ ዳር ያነሳኋቸው ድንጋዮች

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም። ጾም በተያዘ ቁጥር ፊታቸው ቀርቤ ሰው አማሁ፣ ዋሸሁ፣ ሚስቴን ተቆጣሁ እያልኩ የማይረባ የማይረባውን እዘረዝርላቸዋለሁ። እሳቸውም ስግደት ያዙኛል፤ እሰግዳለሁ። ዋናው ግን እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ ነው። እንግዲህ የማላውቃችሁ እናንተ ስሙት። ልታዝኑልኝ ካሰባችሁ ግን ከአሁኑ ተዉት፤ የሚታዘንለት ሰው አይደለሁም።

በዚያን ጊዜ ሸሕዲ ውስጥ የስፖርት መምህር ነበርኩ። ከዚያ በፊት ጎንደር ብስክሌት እወዳደር ነበር። ተወዳደርኩ አልኩ እንጂ አሸነፍኩ አላልኩም። የጎንደር አቀበት ሳንባዬን እየፈተነ ሁልጊዜ ከመጨረሻዎቹ ጋር ያስገባኝ ነበር። ቆላ ስመደብ ግን ሜዳ አገኘሁ። ከሸሕዲ ወደ መተማ በሚወስደው አስፋልት ላይ ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ ማንም ሰነፍ ጀግና ይሆናል፤ እኔም ሆንኩ። ባለ ቀጭን ጎማ ብስክሌቴን፣ ሄልሜቴንና ጥቁር መነጽሬን አድርጌ በከተማው ሳልፍ ሰው ሁሉ እኔን የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ማንም ከቁብ አልቆጠረኝም። ይህን ለመረዳት እንኳ ስንት ዓመት ፈጀብኝ!

ከሁሉም የምንቀው ሳሉጎቹን ነበር። በክረምት ለአረም፣ በመኸር ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች ነው ሳሉግ የምንላቸው። ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በላስቲክ ጫማ፣ የአስፋልቱን ዳር ይዘው ተሰልፈው ይሄዳሉ። እኔ ፍጥነቴን ላለመቀነስ እጮህባቸው ነበር፤ እነሱም እየደነገጡ ወደ ቦዩ ይገቡልኝ ነበር። አንዳንዱ ይቅርታ ይጠይቀኛል። እኔን ይቅርታ!

ታዲያ ከጎንደር ብስክሌት የሚወዱ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። የቢሮ ሰዎች፣ የኮሌጅ መምህራን፣ ቦርጫቸውን በጠባብ ቁምጣ የወጠሩ ሐኪሞች። ብስክሌታቸውን አውቶቡስ አናት ላይ ጭነው ቅዳሜ ይገባሉ፣ እሑድ እኔ እመራቸዋለሁ። ከአስፋልቱ ወጥተን በጓንግ ወንዝ ዳር በሚሄደው የትራክተር መንገድ እንጓዛለን። በጥር መሬቱ ደርቆ ይጠነክራል፤ ሰሊጡ ታጭዶ ስላለቀ ሜዳው ዓይን እስኪደክም ይታያል። ሰዎቹ ግን ሜዳ ለማየት አልመጡም፤ ታሪክ እናያለን ብለው ነው የመጡት። እኔም ንጉሡ የወደቁበትን የጦር ሜዳ አሳያቸው ነበር። ምን አለው? ቃርሚያ፣ ፍየል፣ አቧራ። አንዷ ወይዘሮ ስልኳን አውጥታ ዙሪያውን አየችና «በቃ ይኸው ነው?» አለችኝ። የሞተ ሰው ሁሉ ሐውልት ካልቆመለት ያልሞተ ይመስላቸዋል። ግን በእነሱ ምን አስፈረደኝ? ቃሏ ያቆሰለኝ እኔን ነበር። የማሳየው ነገር የሌለኝ መሪ ሆኜ መታየት አልፈለግሁም።

ወንዙ ዳር፣ ከአንድ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ አለፍ ብሎ፣ የሳሉጎች መቃብር ነበረ። ካላዛር ወይም ወባ ከካምቦ፣ ማለት ከእርሻው የሠራተኛ ሰፈር፣ የገደለውን፣ ቤተ ክርስቲያን ሩቅ ስለሆነ፣ ጓደኞቹ እዚያው ይቀብሩታል። ያ አገር ዋልካ ነው፤ ጥቁር አፈር እንጂ ድንጋይ የለውም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሲያርሙ ከዋሉ በኋላ ጓንግ ወርደው፣ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው ይወጣሉ። ጅብ እንዳያወጣው ይጭኑበታል። የሟቹን ማጭድ ራስጌው ላይ ይተክሉታል፤ እጀታው ላይ እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ያደርግ ስለነበር ዘመድ ሲመጣ በማጭዱ ያውቀዋል። ወገኖቹ በሰባት ዓመቱ መጥተው አጽሙን አፍልሰው ላገሩ ቤተ ክርስቲያን ያበቁታል።

ይህን አላውቅም ነበር ብል ዋሸሁ። አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያደረግሁት።

አንድ ቀን ብቻዬን ሄጄ የመቃብሮቹን ድንጋይ ሁሉ ለቀምኩ። ከመንገዱ ዳር አንድ ትልቅ ክምር ሠራሁ፤ ዙሪያውን ክብ አድርጌ አሳመርኩት። ወንዝ ወርጄ ሌላ ድንጋይ ማምጣት እችል ነበር። ሰነፍኩ። ከሰው ደረት ላይ ማንሳት ይቀል ነበርና አነሳሁ። ማጭዶቹ ደግሞ ነገሩን ያሳብቁብኝ ነበርና አንድ በአንድ ነቅዬ ጓንግ ውስጥ ወረወርኳቸው። አንደኛው እጀታ ላይ አንድ ሰው መስቀል ቀርጾበት እንደነበር አይቻለሁ። አይቼ ወረወርኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው እንዴት ቀላል ነበር! «ይህ የንጉሡ ዘበኞች መቃብር ነው» አልኳቸው። ሄልሜታቸውን አወለቁ። ያቺ ወይዘሮም ዳግም መጥታ አለቀሰች። ከመካከላቸው የነበረ የታሪክ መምህር እንኳ ራሱን እየነቀነቀ አንድ የማያውቀውን ነገር እንደሚያውቅ ሆኖ አብራራልኝ። እኔም ሰማሁት። ሁለት ውሸታሞች አንድ ክምር ድንጋይ ፊት ቆመን እየተከባበርን ነበር።

በዓመቱ ጥር ላይ ከእንግዶቼ ጋር ስደርስ አንድ አዛውንት ክምሩ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጉልበታቸው ላይ ነጭ አቡጀዴ አጣጥፈው ይዘዋል፤ አጠገባቸው ከካምቦ የተዋሱት ዶማ አለ። እንግዶቹ ቁርቁራው ጥላ ሥር ብስኩት ሊበሉ ሲቀመጡ እሳቸው ተነስተው እጅ ነሱኝ። ሄልሜቱንና መነጽሩን አይተው የመንግሥት ሰው መስዬአቸው ይሆናል።

«ምን ፈልገህ ነው?» አልኳቸው። አንተ አልኩ፣ የአባቴን እኩያ።

«ጌታየ ይቅርታ ያርጉልኝ» አሉ። «ልጀ እዚህ ወንዝ ዳር ነው ያረፈ አሉኝ። ጓደኞቹ ድንጋይ ጭነንበታል፣ ማጭዱን ተክለንበታል ብለው ነገሩኝ። እጀታው በቀይ ሽቦ የታሰረ ነው። ሰባት ዓመቱ ደረሰ፤ አጽሙን ላገሩ ላበቃው ብየ ነው የመጣሁ። ከጧት ጀምሬ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።»

ያኔ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ከክምሩ በላይ የሚያሳፍር ምን ነበር? እንግዶቼ ይስቁብኝ ይሆናል፤ ሌላ ምንም አይመጣብኝም ነበር። እኔ ግን እንግዶቹን «እያረፋችሁ ቀጥሉ፣ እደርስባችኋለሁ» ብዬ ሸኘሁና ሽማግሌውን ወስጄ በጣቴ መሬት አሳየኋቸው። «እዚህ ነው፤ አውቀዋለሁ» አልኩ። ለምን እዚያ? ቅርብ ስለነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አብሬያቸው ቆፈርኩ፤ የብስክሌት ጓንቴን ሳላወልቅ። አጽሙ ጥልቅ አልነበረም። ከአፈሩ ውስጥ እንደ እንቁላል በጥንቃቄ አወጡት፤ አቡጀዴው ላይ እያስተኙ ያናግሩት ነበር። «ደከመህ የኔ ጌታ፣ ደከመህ፣ በቃህ» ይሉታል። የራስ ቅሉ ላይ ሲደርሱ አገጩን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ እጃቸው ቆመ።

«ልጀ የፊት ጥርሱ ስብር ነው» አሉ ቀስ ብለው። «በልጅነቱ በቅሎ እረግጣው። የዚህ ሙሉ ነው።»

እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ቦታው ይኸው ነው» አልኩ። ጥርሱ መቃብር ውስጥ የበቀለ ይመስል! አዛውንቱ መጀመሪያ ሜዳውን አዩ፤ ድንጋይ የተነሳበት ቦታ ሁሉ አፈሩ ጎድጎድ ብሎ ይታይ ነበር። ቀጥሎ የእኔን ክምር አዩ። ከዚያ እኔን። ድንጋዩን ማን አነሳው ብለው አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ፣ ቢረግሙኝ፣ በዶማው ቢመቱኝ ዛሬ ትንሽ ቀለል ይለኝ ነበር።

«ይሁን» አሉ። «ይኸም እናት አለችው። የሰው አጥንት ከፍቶ ጥሎ መሄድ ነውር ነው፤ ይዠው እሄዳለሁ።» አቡጀዴውን ቋጠሩ። ከዚያ ቀና ብለው «አንድ አደራ ልበልዎ» አሉኝ። «የዚህ ልጅ ወገን ፍለጋ የመጣ እንደሆነ፣ እኛ ደብር በክብር አርፏል ብለው ይንገሩልኝ። የኔውም ልጅ እዚሁ ሜዳ ላይ ቀርቷል። ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ስሙን ጠርተው አንድ አቡነ ዘበሰማያት ያድርሱለት። ሌላ ሰው የለኝም እዚህ።»

ደብሩን ነገሩኝ። የልጃቸውን የክርስትና ስም ነገሩኝ፤ እንዳልረሳው ደግመው ነገሩኝ። እኔ እሺ፣ እሺ እያልኩ ብስክሌቴ ላይ ወጥቼ ነበር። ዓይኔ ያለው እንግዶቼ በሄዱበት መንገድ ላይ ነው። ሐኪሞቹ ቀድመውኝ ሊገቡ ነው ብዬ ተጨንቄያለሁ! ሽማግሌውን ያን ሸክም አሸክሜ ሜዳ ላይ ትቼ ፔዳሉን ረገጥኩ። እንዲያ በርሬ አላውቅም። ሁሉንም አልፌ ሸሕዲ ቀድሜ ገባሁ፤ አጨበጨቡልኝ።

በሌላው ዓመት አንዲት ሴት ከወሎ መጣች። ወንድሟ ጓንግ ዳር መቀበሩን ሰምታ ነው። ክምሩ ዙሪያ እንግዶቼ ቆመው ሳለ ቀረብ ብላ «ወንድምዓለም፣ የሳሉጎች መቃብር የቱ ጋ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ያኔ የአዛውንቱ ደብር ስም ገና አልጠፋብኝም ነበር። አንድ ሰው ተወስዷል፣ የአንቺ ይሆናል፣ አይሆንም፣ ሂጂና ጠይቂ ማለት ነበረብኝ። ክፍል ውስጥ በማስተምርበት ድምፅ «እዚህ የተቀበረ ሳሉግ የለም፤ ይህ ታሪካዊ ቦታ ነው» አልኳት። «እንዲያው ትንሽ አፈር ልውሰድ?» አለች። «ቅርስ ነው፤ አይነካም» አልኳት።

እንዲህ አልኳት። እኔ! መሬቱን ተሳልማ ባዶ እጇን ሄደች። ከእንግዶቹ አንዱ ስለ ቅርስ ጥበቃ አመሰገነኝ።

ዛሬ መንገዱ እንደ ድሮው አይደለም፤ በብስክሌት ጓንግ ዳር የሚዝናና የለም። ክምሩ ግን ግማሹ ዋልካው ውስጥ ሰምጦ እዚያው አለ። የትራክተር ነጂዎች ሲያልፉ ያማትባሉ፤ የዘበኞቹ መቃብር ይሉታል። የእኔ ውሸት ስም አወጣ። እነዚያ ሳሉጎች የነበራቸው ማጭድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ወንዝ በላው። ወንዝ በላው እላለሁ ደግሞ! እኔ ነኝ የወረወርኩት።

ለነፍስ አባቴ ልናገር ብዬ ስንት ጊዜ ደጃቸው ደርሼ ተመልሻለሁ። የምፈራው ስግደቱን አይደለም። እሳቸው መጀመሪያ የሚሉኝን አውቃለሁ፤ «የሟቹ ስመ ክርስትና ማን ነው? በቅዳሴ ላስበው» ይሉኛል።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው በእናንተ እጅ አይደለም። አዛውንቱ ከእኔ የፈለጉት አንዲት ነገር ነበረች፤ ስሙን እንድጠራ። ያን ቀን ሸሕዲ የገባሁበትን ሰዓት እስከ ሴኮንዱ አስታውሰዋለሁ። ስሙን ረስቼዋለሁ።