ከምስሉ ግርጌ የደረሰኝ ምርቃት

ወደ ውጭ አገር ልሄድ ከመንደራችን ከኮሶዬ የወጣሁ ምሽት ቤታችን ሰው ሞልቶ ነበር። አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣና ይመርቀኝ ጀመር። ጆሮዬን የልጅነት ትኩሳት ይዞት ስለሄደ እኔ የማየው ከንፈሩን ነው፤ እሱንም ጢሙ ሸፍኖታል፤ ከጢም ውስጥ ደግሞ ቃል አይለቀምም። ስለዚህ ጎረቤቶቻችንን እያየሁ መዳፌን ዘረጋሁ። እነሱ አሜን ሲሉ እኔም ትንሽ ዘግይቼ አሜን እላለሁ። መኻል ላይ አባቴ አሳለና ዝም አለ። ሲቀጥል ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። አሜን አልሁ፤ ለምኑ እንደሆነ ሳላውቅ።

እህቴ የሻረግ በስልኳ ትቀርጽ ነበር። ምን አለ ብዬ ጠየቅኋት። በእጇ "ቆይ፣ እነግርሃለሁ" አለችኝ። ያን ምልክት ከሌላው ሁሉ አብልጬ አውቀዋለሁ፤ ቤታችን ሲሳቅም ሲለቀስም ለኔ የሚደርሰኝ እሱ ነው። ሚኒባሱ መጣ። ጎንደር ስንደርስ እንደገና ብጠይቃት ያን ሁሉ ንግግር በአንድ ቃል ጨረሰችው፦ መረቀህ።

አውሮፕላኑ ላይ አስተናጋጇ ቀበቶውንም መውጫውንም በእጇ ስታሳይ፣ ይኼስ ለኔ የተሠራ ነው ብዬ ደስ አለኝ። የልብስ ስፌት ሙያዬ ያስገኘልኝን የሥራ ውል ይዤ ጀርመን ገባሁ። የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ስቀርብ የአማርኛ አስተርጓሚ አዘጋጅተውልኛል፤ በስልክ። ጆሮዬን አመልክቼ እጄን አወዛወዝሁ። ሹሙ ገባኝ ብሎ ራሱን ነቀነቀና የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው።

ክፍል ያከራየችኝ አሮጊት ደግሞ የቤቱን ሕግ ጽፋ ሰጠችኝ፤ ማታ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው ይላል። በስልኬ አስተርጉሜ "እኔ አልሰማም" ብዬ ጻፍሁላት። "እኔ ግን እሰማለሁ" ብላ መለሰችልኝ።

ብርዱ አላስደነገጠኝም፤ የኮሶዬን ጉም የለመደ ሰው ነኝ። ድንቹም የኛን ይመስላል፤ ብቻ በርበሬ አይቶ አያውቅም። የከበደኝ ሌላ ነው። እኛ አገር የማይሰማን ሰው ክንዱን ይዘው ይጎትቱታል፣ ትከሻውን መታ ያደርጉታል፤ እዚህ ሰው ሰው አይነካም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አሮጊቷ ኬክ ልታቀምሰኝ ጠራችኝ። ቴሌቪዥኗ ተከፍቷል፤ ከምስሉ ግርጌ ጽሑፍ ይመጣል፣ ይሄዳል። ኡንተርቲተል ይባላል ብላ ጻፈችልኝ። ለካ እሰማለሁ ያለችኝ ሴትዮ ጆሮዋ ደክሞ ኖሯል። ስልኬን ወደ ጽሑፉ አቅንቼ ወደ አማርኛ አስተረጎምሁት። የጻፉት ሰዎቹ የሚናገሩትን ብቻ አይደለም። "በር ይንኳኳል።" "ዝናቡ በረታ።" "ከሩቅ ውሻ ይጮኻል።" ውሻው ምስሉ ላይ የለም። የማላውቀው ሰው ቁጭ ብሎ፣ ለኔ ብሎ፣ ከግድግዳው ማዶ ውሻ እንዳለ ጽፎልኛል። ቆይ አላለኝም። አሮጊቷ ስትስቅ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ለምን እንደምስቅ እያወቅሁ። ኬኩን ረሳሁት።

እናንተ ቤት ቴሌቪዥን ፊት አብሯችሁ የሚቀመጥ የማይሰማ ልጅ ካለ፣ ሲስቅ አይታችሁ ገብቶታል አትበሉ። እናንተን አይቶ ነው የሚስቅ።

ከዚያ ወዲያ ያን ጽሑፍ ሳነብ ውዬ ባድር አልጠግብም፤ የአገሩንም ቋንቋ ያስተማረኝ እሱ ነው። ግን የውሻውን ጩኸት ያወቅሁ ሰው የአባቴን ምርቃት አላውቅም። ለየሻረግ ጻፍሁላት፦ ያን የቀረጽሽውን ቪዲዮ ላኪልኝ፤ አንድም ቃል ሳታስቀሪ ጻፊልኝ፣ ሳሉንም ጭምር። "ሳሉን ደግሞ ምነው?" አለችኝ። ሁሉንም እፈልጋለሁ አልኋት።

ላከችልኝ። እጅጌን ከትከሻ እንደምገጥም፣ የሰዎቹን የተዘረጋ መዳፍ ምልክት አድርጌ የጻፈችውን ቃል ከቪዲዮው ግርጌ አስገብቼ ከአባቴ ከንፈር ጋር ገጠምሁት። ከዚያ ከፍቼ አየሁ።

"በሄድህበት ሞገስ ይሁንህ።"
[ሁሉም፦ አሜን]
"እጅህ የነካው ይባረክ።"
[ሁሉም፦ አሜን]
[ያስላል። ከውጭ ላም ትጮኻለች።]
[ዝም ይላል።]
"ጌታዬ፣ እኔ ብናገር ልጄ አይሰማኝም። ከሰው መኻል ብቻውን ሲቀመጥ እያየሁ ኖርሁ። በሄደበት አገር የሚነግረው ሸጋ ሰው አታሳጣው።"
[ሁሉም፦ አሜን። ሴቶች ያለቅሳሉ።]

አለቀስሁ። የአባቴ ጸሎት ተሰምቶ ያደረው እኔ ሳላውቀው ነው፤ አሮጊቷ ቤት፣ ያ የማይታይ ውሻ የጮኸ ቀን።

በማግሥቱ በቪዲዮ ደወልሁ። አባቴ ብቅ ሲል መዳፌን ዘርግቼ "አሜን፣ አባባ" አልሁት። ግራ ገብቶት የሻረግን አያት። እሷ ስትነግረው የጋቢውን ጫፍ ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ ገለጠና ይናገር ጀመር። ብዙ ተናገረ፤ ለኔ ያን ያህል ሲናገር አይቼው አላውቅም። የሻረግ ትጽፍልኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እንባዋን እየጠረገች አንድ መልእክት ብቻ ላከችልኝ።

"ቆይ፣ እነግርሃለሁ።"

መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ያን ጢም የሸፈነው ከንፈር አየሁ።