የሞቀው ወገን

ኩክ ዶክፓል ድንጋይ የሚመርጠው በጆሮው ነበር። በመዶሻው ኳ ያደርገዋል፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ሙሉ ነው፣ ድምፁ ከታፈነ ውስጡ ተሰንጥቋል ማለት ነው። በጄቾን ተራሮች ሥር ባሉት መንደሮች የእሱ እጅ ያልነካው ወለል ጥቂት ነው። ሥራው ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ለጭሱ መሄጃ ቦይ ይሠራል፣ በቦዩ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፋል፣ ድንጋዩ በጭቃ ይመረጋል፣ ጭቃው ሲደርቅ ዘይት የጠጣ ወረቀት ይለጠፍበታል። ማድ ቤት የነደደው እሳት በወለሉ ሥር አልፎ በወዲያኛው ጭስ ማውጫ ይወጣል፤ ሰው ደግሞ በላዩ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይወልዳል። ድንጋዩ አንዲት ስንጥቅ ካለችው ግን ከሥር ማለፍ የነበረበት ነገር ወደ ላይ ወጥቶ ከተኛው ሰው ጋር ያድራል።

“የኔ ወለል አያፈስም” ይላል ዶክፓል አፉን ሞልቶ። መጠጥ ከቀመሰማ የሌሎቹን ወለል አንጣፊዎች ስም እየጠራ ያብጠለጥላቸዋል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ይህን ጉራውን የሚያበርድለት ሰው በቤቱ አልነበረም።

ልጁ ዮንግቤ ሚስት ሲያገባ ከግቢው ጥግ አዲስ ክፍል ሠራለት። ድንጋዩን ራሱ ከተራራ አወረደ። ከእሳቱ አፍ አጠገብ የሚገባው ትልቁና ወፍራሙ ድንጋይ ነው፤ ከክፍሉ ሁሉ የሚሞቀው እዚያ ነውና። ያንን ድንጋይ ኳ ሲያደርገው ድምፁ ታፈነበት። ደግሞ መታው፤ ያው ነው። ወገቡን አሞታል፣ በረዶ ሊጥል ደመናው ዝቅ ብሏል፣ ሌላ ድንጋይ ፍለጋ ተራራ መውጣት አላሰኘውም። ጭቃውን አወፈረበትና ዝም አለ። ከዚያ እንደ ደንቡ ከሥር እርጥብ ገለባ አጭሶ ወለሉን እየዳኸ አሰሰው፤ አንዲት ክር ጭስ አልወጣችም። በቃ፣ ደህና ነው አለ ለራሱ። ልቡ ግን አላረፈም።

ዶክፓል ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው የእንጨት እሳት ነው። እንጨት ተንኮል የለውም፤ ሊገድል ሲመጣ ዓይን አስለቅሶ፣ ሰውን አስስሎ፣ እወቁኝ ብሎ ነው። ዮንግቤ ግን በዓመቱ እንደ ሲሚንቶ ፋብሪካ የሥራ ጓደኞቹ ባለ ቀዳዳውን የድንጋይ ከሰል አመጣ። ከሰሉ አንዴ ከተያያዘ አይጨስም፣ ሽታውም እምብዛም ነው፣ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ይነዳል። ባለፈው ብርድ ከታችኛው ሰፈር ሁለት እህትማማቾች በዚሁ ከሰል መርዝ እንደተኙ ቀርተው በአንድ ጋሪ ተወስደዋል። ጉንጫቸው እንደ ጤነኛ ሰው ቀይ ነበር አሉ ያዩ ሰዎች።

ምራቱ ኦክቡን እርጉዝ ናት፤ ሆዷ ገፍቷል። ባሏ የሌሊት ተራ ሲደርሰው አዲሱ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ታድራለች፣ ያውም ብርድ እንዳይነካት ተብሎ በሞቀው ወገን። ብርዱ ሲበረታ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ እየተደገፈች መውጣት ጀመረች።

“ራሴን ፈለጠኝ አባባ። እግሬም አልታዘዝ አለኝ።”

“እርግዝና ነው ልጄ። የዮንግቤ እናትኮ እሱን ስታረግዝ እስክትገላገል ስታስመልስ ነው የከረመችው።”

“ውጭ ስወጣ ግን ይተወኛል።”

“ታዲያ ውጪያ! ማን ያዘሽ? በሞቀ ወለል ተጋድመሽ እየዋልሽ ራስሽን ባያምሽ ነበር የሚገርመኝ።”

እሷም ሳቀች፣ እሱም ሳቀ። 

ከዚያ የፍጅሉ ማሰሮ መጉደል ጀመረ። በጨው ውሃ የተዘፈዘፈው ፍጅል ቀዝቃዛ ውሃ የከሰል መርዝ ለያዘው ሰው መድኃኒት እንደሆነ በሰፈሩ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ስለዚህ ያንን ውሃ ሰው ፊት መጠጣት ወለሉን ያነጠፈውን ሰው መክሰስ ነው። ኦክቡን ተደብቃ ትጠጣለች። አንድ ጠዋት የማሰሮውን በረዶ ሰብራ ስትጨልፍ አማቷ ደረሰባት።

“ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?”

ጭልፋውን ከኋላዋ ደበቀች። “ጎምዛዛ አማረኝ አባባ።”

“እንዲያ ነው! እንግዲያው ወንድ ነው” አለና እጁን አፋትጎ ሄደ።

ሽማግሌ መምታት ነውር ባይሆን ኖሮ ይህ ሰው የሚመታው እዚያ ላይ ነበር። አንድ ቃል ይበቃው ነበር። እሱ ግን ኦክቡን ወደ ገበያ ስትወጣ ጠብቆ አዲሱ ክፍል ገባ፣ ተንበርክኮ ወረቀቱን አሸተተ፣ በመዳፉ ዳበሰ፣ የጠቆረ መገጣጠሚያ ላይ ሌላ ወረቀት ለጠፈበት። ብርዱ ይለፍና እከፍተዋለሁ አለ። አሁን ወለሉን ቢያፈርሰው ሰፈሩ ምን ይላል? ስሙ ለሰማይ ለምድር የከበደ ሰው፣ የገዛ ምራቱን ክፍል አበላሽቶ!

ስድሳ ዓመት የሞላው ዕለት ጎረቤት ሁሉ ተጠራ። ለልደት የሚሠራው የባሕር ቅጠል ሾርባ ተጠጣ፣ የሩዝ መጠጡ ተቀዳ፣ እጁ ተመሰገነ። ሰው ተበትኖ ገና ለዓይን ያዝ ሳያደርግ ኦክቡን አዲሱን ፍራሽ በሞቀው ወገን ዘረጋች። አባትና ልጅን ጠርታ አስገባቻቸው።

“አባባ፣ ዛሬ እዚህ ነው የሚተኙት። በእጅዎ ሠርተውት አንድ ቀን እንኳ አላደሩበትም። እኛ እርስዎ ክፍል እናድራለን።”

“እውነቷን ነው!” አለ ዮንግቤ፣ በመጠጥ ሞቅ ብሎት።

በዚያ አገር የሞቀው ወገን የሽማግሌ ነው። ተለምኖ እምቢ ያለ ሽማግሌ ተሰምቶ አይታወቅም።

“ተዉኝ እባካችሁ፣ የለመድኩት ቦታ ይሻለኛል።”

“ለስድሳ ዓመትዎ አባባ?”

“ሙቀት አይስማማኝም።”

ዮንግቤ ከት ብሎ ሳቀ። “ትናንት ምድጃ ታቅፈው የዋሉት ማን ነበሩ ታዲያ? ይልቅ ጋደም ይበሉ!” ክንዱን ይዞ ወደ ፍራሹ ሳበው።

“አልተኛም አልኩህ!” ሽማግሌው ክንዱን መንጭቆ እስከ በሩ አፈገፈገ።  ከፍራሹ ላይ ዓይኑን መንቀል አልቻለም።

ዮንግቤ አባቱን እንደዚህ ፈርቶ አይቶት አያውቅም። ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

ኦክቡን ድምፅዋን አላነሳችም። “እኔስ አባባ? እኔ እስከ ዛሬ የት ነው የተኛሁት?”

ዶክፓል በበሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። “ትልቁ ድንጋይ ስንጥቅ ነው” አለ፤ “ሳነጥፈውም አውቅ ነበር።”

ዮንግቤ ዘሎ በሩንም መስኮቱንም በረገዳቸው፤ ብርዱ ክፍሉን ሞላው። ሚስቱን ሊያስወጣት እጇን ያዘ። እሷ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ሆዷን በሁለት እጇ አቅፋ አማቷን ታየው ነበር።

“ያውቁ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ” አለች። “ልጁ ከትናንት ጀምሮ አልተራገጠም።”