ኩል የመሰለው ጥቁር ዱቄት

ነገሩ የሆነው ካቻምና በጥር፣ ንፋስ መውጫ አክስቴ ቤት ነው። ማንም አልተጎዳም። ቢሆንም እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የኬሚስትሪ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የምመራመረው ከአሞኒያ ሃይድሮጅን የሚባለውን ጋዝ ለማውጣት በሚያግዝ፣ ከኒኬል በተሠራ ጥቁር ዱቄት ላይ ነው። ያኔ ከስምንት ወር ልፋት በኋላ ጥሩ ውጤት የሰጠኝን ዱቄት በትንሽ ብልቃጥ ይዤ ነበር። ለምርመራ አዲስ አበባ ላደርሰው ነበር። በመሀል የአክስቴ የእቴቴ የሺ ልጅ ብርቱካን ልትዳር ስለሆነ ለሰርጉ ሄድኩ። ለሙሽራዋ ኩል እንዳመጣ አደራ ተብዬ ነበር፤ ረሳሁት።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ውሃ ቀድቼ ስመለስ ብርቱካን ቀና ብላ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እቴቴ በአንድ እጃቸው አገጯን፣ በሌላው የኩል መኳያውን ይዘዋል። ከቦርሳዬ የወጣው ብልቃጥ ተከፍቶ ጉልበታቸው ላይ ነው።

"እቴቴ! ዓይኗን እንዳይነኩት!"

ጮኼ እጃቸውን መታሁ። ብልቃጡ ተንከባሎ ዱቄቱ መሬት ላይ ፈሰሰ።

እኔ የታላቅ እጅ መታሁ።

"ምን አጠፋሁ ልጄ? ያመጣሽው ኩል አይደለም እንዴ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"አይደለም እቴቴ፤ ዓይን የሚጎዳ ነገር ነው።"

መኳያው ከእጃቸው ወደቀ። የብርቱካንን ዓይኖች ደጋግሜ አየሁ፤ አልነካትም። ከዚያ የእቴቴን ጣቶች በሳሙና አጠብኩ። የስምንት ወር ሥራዬን ከአፈሩ ጋር በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ በፌስታል ቋጠርኩት።

እቴቴ ፌስታሉን እያዩ፣ "ለመሆኑ ምን የሚሠራ ነው?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"የማዳበሪያ ጆንያ ሲፈታ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ አለ አይደል? እሱ አሞኒያ ነው። አሁን በፀሐይና በነፋስ ኃይል ከውሃና ከአየር እየሠሩት ነው። ውስጡ እንደ ነዳጅ የሚያገለግል ጋዝ አለ። ይሄ ዱቄት ጋዙ ቶሎ እንዲወጣ ያግዛል።"

"ታዲያ ይሄ ምኑ ይከብዳል? የመጣሽ ዕለት ስጠይቅሽ ለምን እንዲህ አላልሽኝም?"

የመጣሁ ዕለት ምን እንደምሠራ ጠይቀውኝ፣ "ኬሚስትሪ ነው እቴቴ፤ አይገባዎትም" ብዬ አልፌያቸው ነበር። ያኔ ብልቃጡን አውጥቼ ባሳያቸው ኖሮ ማንም ኩል ነው አይልም ነበር።

ዱቄቱን እንደገና ለመሥራት ወራት ፈጀብኝ። እሱ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ "አይገባዎትም" ማለቴ ነው። እቴቴ አሁንም ስልክ ሲደውሉ ከጤናዬ ቀጥለው፣ "ጋዙስ ወጣልሽ?" ይሉኛል። እኔም የያዝኩትን ሥራ አስቀምጬ፣ የወጣውንም ያልወጣውንም እነግራቸዋለሁ።