አባቴ ንባቡን ያቋረጠበት እሁድ

አዲስ በቆሎ ጆንያ ውስጥ ሲታፈን የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ይጣፍጣል፣ አቧራ አቧራም ይላል። ባለፈው ቅዳሜ ሶዶ ገበያ አንድ ነጋዴ የጆንያውን አፍ ሲፈታ ያ ሽታ መጣብኝና ባለሁበት ቆምኩ። ነጋዴው "እህቴ፣ ልስፈርልሽ?" ይለኛል፤ እኔ የት ልስማው! ሰባተኛ ክፍል ወደነበርኩበት ዘመን ተመልሻለሁ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን አዝመራ ሲገባ ሁሉም ከምርቱ በኩራት አምጥቶ መድረኩ ስር ያስቀምጥ ነበር። በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ጎደሬ፤ እግሩ ታስሮ የሚንጫጫ ዶሮ እንኳ አይጠፋም። በዚያ የምስጋና እሁድ የአባቴም ጆንያ ከፊት ነበረ። ቃሉን በወላይትኛ የሚያነበውም እሱ ነበር። ድምፁ እንዴት ያምር እንደነበር! እሱ ሲያነብ የሚያለቅስ ሕፃን እንኳ ዝም ይል ነበር።

ይህ ሰው ግን ሁምቦ ካለው ታላቅ ወንድሙ ጋር አይነጋገርም። ነገሩ እኛ ሰፈር ከአባታቸው የወረሱት መሬት ድንበር ነው፤ አጎቴ አንድ መደዳ እንሰት ገፍቶ ተከለ ተባለ። ሽማግሌ ቢመላለስ አባቴ ይቅር ብያለሁ ይላል፤ እግሩ ግን ወደዚያ አይሄድም። እልኸኛ ነው፣ ምን ታደርጉታላችሁ። በዚያ ሳምንት አጎቴ በጠና መታመሙን፣ እህል እንቢ ማለቱን ሰምተናል። እናቴ ሳይመሽብህ ሂድ ብላ ብትለምነው የመባውን በቆሎ ጆንያ ውስጥ መሙላቱን ቀጠለ።

የዕለቱ ንባብ መባ ይዞ ስለመጣ ሰው ነበር፤ ወንድሙ እንደተቀየመው ትዝ ካለው መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ ሄዶ ይታረቅ የሚለው። አባቴ እዚያ ጋ ሲደርስ ድምፁ ተያዘ። ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ አሁንም እዚያው ላይ ቆመ። ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ ይሰማኝ ነበር። ያን ክፍል በሕይወቱ ስንቴ አንብቦታል፤ የሰማው ግን ያን ቀን ይመስለኛል።

"ወንድሞቼ፣ ሌላ ሰው ያንብብላችሁ። እኔ ልሂድ" አለና መጽሐፉን ዘግቶ ወረደ።

ጆንያውን ዞር ብሎም አላየው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች፣ እኔም ተከተልኩ።

ሚኒባሱ ቁልቁል ወደ ሁምቦ ቆላ ሙቀት ሲወርድ አባቴ ኮቱን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገ። አጎቴ ደጅ፣ ማንጎ ጥላ ስር፣ ሰሌን ላይ ተኝቷል፤ ከስቶ ጉንጩ ገብቷል። አባቴ ጫማውን አውልቆ አጠገቡ ቆመ።

"መጣህ?" አለው አጎቴ።

"መጣሁ።"

"ታዲያ ቆመህ ልትውል ነው?" አለውና በዚያ አቅሙ ተንፏቆ ቦታ ለቀቀለት።

አባቴ እዚያች ሰሌን ላይ ጋደም ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። አጎቴም እጁን ታናሽ ወንድሙ ጭንቅላት ላይ ጫነ። ስለ ድንበሩ ማንም አላነሣም።

አጎቴ ያን ወር አልጨረሰም። በልቅሶው አባቴ በወንድም ቦታ ተቀምጦ እንግዳ ተቀበለ። ያን እሁድ ባይሄድ ኖሮ በምን ዓይኑ እዚያ ይቀመጥ ነበር እላለሁ አሁንም።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። አባቴ ከዚያ በኋላ ሲያነብ ድምፁ በየመሀሉ ይቆራረጥ ነበር፤ ሰዎች አረጀ አሉ። እኔን የሚናፍቀኝ ያ የሚቆራረጠው ድምፁ ነው።