የአጎቴ አዲስ የኔታ

አጎቴ ዓይናቸውን ያጡ ጊዜ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለቱን ቶሎ ለመዱት። ያቃታቸው ያለ መጽሐፍ መዋል ነው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ፣ በኋላም ቢቸና ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ልብ ወለድ ከያዙ ምሳ ይረሳሉ። አሁን መደርደሪያውን በእጃቸው ይዳብሱና አንድ መጽሐፍ አውጥተው፣ ገልጠው፣ መልሰው ይከቱታል። ይህን ማየት አንጀቴን በላው።

እኔ የማስተምረው ሞጣ ነበር። አንድ ቀን እዚያው ራዲዮና ሞባይል ከሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ ሄድኩና ሰማያዊ መብራት ያላት ቀጭን የኤምፒ ስሪ ማጫወቻ መረጥኩ።

«ለማን ነው እህቴ?» አለኝ።

ነገርኩት። ዕቃዋን ከእጄ ወስዶ መልሶ ሰቀላትና «በይ ዓይንሽን ጨፍኚ» አለኝ። ከዚያ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እጄ ላይ እያስቀመጠ ማብሪያውን በዳበሳ እንድፈልግ አደረገኝ። ከመደብሩ ሁሉ አስቀያሚዋ፣ ቁልፎቿ እንደ ባቄላ ያበጡት ወፍራም ዕቃ ሳላያት በራችልኝ። እሷኑ ገዛሁ፤ አንድ ረጅም ልብ ወለድም በትረካ ጫነልኝ። የማያውቀውን ሰው ጣት አስቦ የሚሸጥ ነጋዴ ከዚያ በፊት አላየሁም፤ እንዲያው ልቤን ወሰደው።

አጎቴ በአንድ ቀን ለመዷት። በየሁለት ሳምንቱ ቢቸና ስመጣ «ጋሼ፣ መጽሐፉ እንዴት ነው?» እላለሁ። «ግሩም ነው!» ይሉኛል። እኔም ደረቴን ነፍቼ እመለሳለሁ።

ሁለት ወር አለፈ። «መጨረሻውስ እንዴት ሆነ?» አልኳቸው።

«መጨረሻውን የት አግኝቼው ልጄ! ገና አላሳለፈኝም።»

«ማን ነው የማያሳልፍዎት?»

«ይኸ ነዋ!» አሉና ዕቃዋን አነሱ። ከዚያ የመጀመሪያውን ምዕራፍ፣ ተራኪው ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ሳይቀር፣ በቃላቸው ወጡት።

ለጸሎትም ለምግብም ባጠፏት ቁጥር፣ ስትበራ ከመጀመሪያው ትጀምራለች ለካ! «ቅኔ ቤት ትምህርቱን በደንብ ካልያዝን የኔታ ‹ድገም› ይሉን ነበር» አሉኝ። «ይኸም የጎደለኝን አውቆ ነው ብዬ እደግማለሁ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ግን በራሴ ተናደድኩ፤ ቁልፍ ስዳብስ አንዴ አጥፍቼ ላበራት አላሰብኩም። እኔ ብሆን በሁለተኛው ቀን ዕቃዋን ግድግዳ ላይ እወረውራት ነበር። እሳቸው ሁለት ወር ሙሉ ጥፋቱን ከራሳቸው እንጂ ከእሷ አልፈለጉም።

በሚቀጥለው ጊዜ ይዣቸው ሞጣ ሄድኩ። ነጋዴው ነገሩን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ሳልፈትናት ነው የሸጥኳት» አለና አጎቴን በወንበሩ አስቀመጣቸው። ሌላ ባለ ቁልፍ ዕቃ አምጥቶ ያንኑ ትረካ ከፈተላቸውና፣ ወደ ፊት አስሩጦ አጎቴ ሰምተውት የማያውቁት ቦታ ላይ ተወው። አጎቴ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ።

«አሁን ያጥፏት» አላቸው።

አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ቀረ። መደብሩ ውስጥ ያለው ገበያተኛ ሁሉ ቆሞ ያያል፤ እሳቸው አልነኩትም። «ትመልሰኝ እንደሁስ?» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«ግድ የለም አባቴ፣ ያጥፏት።»

አጠፏት። አበሯት። ተራኪው ካቆመበት ዓረፍተ ነገር ቀጠለ።

አጎቴ ከወንበሩ ተነሡ። ዕቃዋን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ተማሪ የመምህሩን ጉልበት እንደሚስም፣ ጎንበስ ብለው ሳሟት።

«አሳለፈኝ» አሉ።