ሦስተኛ ገባ

ባለፈው ሳምንት ስልኬ አልሞላ ብሎኝ ጎንደር ፒያሳ ካሉት ትንንሽ የስልክ ጠጋኞች አንዱ ዘንድ ተቀምጬ ሳለ፣ ልጁ የጋለውን መበየጃ አንስቶ ቡናማ ሙጫ ላይ ነካ አደረገውና ጭሱ ወደ እኔ መጣ። ሌላው ሰው እንዲህ ያለ ሽታ ሲሸተው ቤተ ክርስቲያን ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔን ግን ትዝ የሚለኝ ወንድሜ ሙላት ነው፣ ምክንያቱም መተማ ላይ የብየዳ ሙጫ ከየትም ስለማይገኝ እሱ ከጫካ የመጣ የዕጣን ፍርፋሪ ነበር የሚጠቀመው፣ እማዬም "ለእግዜር የሚታጠነውን ለሽቦ" እያለች ስታጉረመርም ትውል ነበር። ስልኬን ተቀብዬ ወጣሁ። ምንም አልተሰማኝም፣ እኔን ብዙ ነገር አይሰማኝም፤ ቤት ገብቼ ግን ከአልጋ ሥር ያለውን ሣጥን ጎትቼ አወጣሁና ያችን የሙላትን አሮጌ የመጫወቻ መኪና መቆጣጠሪያ ጭኔ ላይ አስቀምጬ እስኪመሽ ተቀመጥኩ።

አባታችን የኤንትሬ ሾፌር ነበሩ። ኤንትሬን ያልደረሰባት የዛሬ ልጅ ቢኖር፣ ድምፅዋ ከሩቅ የሚሰማ ትልቅ የጣሊያን የጭነት መኪና ነች፣ መሪዋ በቀኝ በኩል ነው፣ ስለዚህ ሾፌሩ በቀኝ እጁ መሪ ይዞ በግራ እጁ ማርሽ ይቀይራል። አባዬ ከመተማ፣ ከሽንፋና ከአብደራፊ ሰሊጥ እየጫኑ ጎንደር ያወጡ ነበር፤ ሲመለሱ ገና ከከተማው ዳር ሆነው ማርሽ ሲያወርዱ እማዬ ድምፁን ለይታ ውሃ ትጥድ ነበር፣ አንድም ቀን ተሳስታ ለሌላ ሰው መኪና ውሃ ጥዳ አታውቅም። ሾፌሮቹ "ይርጋ ማርሽ ሲቀይር ሞተሩ ራሱ አይሰማም" ይሏቸው ነበር። አባዬ ይህን የሰሙ ቀን እራት ላይ ጨዋታ ይበዛ ነበር።

አንድ የሰሊጥ አዝመራ ላይ፣ ጭነት ሲያስራግፉ፣ ቀኝ ጎናቸውን መታቸው። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ መሪ የሚይዘው እጅ ሞቶ የማርሹ እጅ ብቻ ቀርቶ ነበር፣ አፋቸውም ተሳስሮ ነበር፤ "እሺ" እና "እንቢ" ይላሉ፣ ከዚያ ሌላ የቀሩላቸው ቃላት የሾፌር ቃላት ናቸው፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፎሌ። ለምን እነዚህ እንደቀሩ የነገረን ሰው የለም። ፎሌ ማለት ማርሹ የትም ያልገባበት ቦታ ነው፣ ሞተሩ እየሠራ መኪናው የማይሄድበት፤ እና አባዬ ሲደክማቸው፣ መተኛት ሲፈልጉ፣ ሰው ሲበዛባቸው "ፎሌ" ይላሉ፣ እኛም ተነስተን እንወጣለን። ቀን ቀን ከግቢው ኒም ዛፍ ሥር እናስቀምጣቸዋለን። በመንገዱ መኪና ባለፈ ቁጥር ግራ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ወደፊትና ወደኋላ ትላለች፣ አንዳንዴም ሾፌሩ ዘግይቶ ሲቀይር ፊታቸው ይኮሳተራል።

ሙላት ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላውም፣ የእርሻ ድርጅት ጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ ሲጠግን ይውላል፣ ሲናገር ወደ እጁ እንጂ ወደ ሰው አያይም። እኔ ከእሱ በብዙ አንሳለሁ፣ ሥራዬም የአባዬን አንገት በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ ነበር፣ የመተማን በጋ ለሚያውቅ ሰው ቀላል ሥራ አይደለም።

የእማዬ ወንድም አጎቴ ካሳ ከሱዳኑ ገዳሪፍ የሚመላለስ ነጋዴ ነው፤ ለዕቃው ሁሉ፣ ለተሰበረውም ለሞተውም፣ "ተማም ነው" ማለት ይወዳል፣ በዐረብኛ ደህና ነው ለማለት። አንድ ቀን ከጨርቅ መሐል ክንድ የምታህል መጫወቻ የጭነት መኪና አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ፣ አንድ ፈረንጅ ሲሄድ ገዳሪፍ ገበያ የጣላትን። ቀይ ጋቢና አላት፣ የጎማዋ ጥርስ ሳይቀር የመኪና ነው። ሙላት ከእጄ ተቀበለኝና ገለበጣት፣ ከሆዷ ሥር እውነተኛ ካምቢዮ አገኘ፣ ሦስት ማርሽ ያላት፣ ጥርሶቿ እንደ ጤፍ የደቀቁ። ከሩቅ የምትነዳበት ሬዲዮ፣ መቆጣጠሪያዋ፣ ግን የላትም። ሙላት መኪናዋን አየ፣ ቀና ብሎም አባዬን አየ፣ ከዚያ ወዲያ ያቺን መኪና የእኔ ነች የሚል ሰው አልነበረም።

አጎቴ በሚቀጥለው ጉዞው አንዲት አዲስ መቆጣጠሪያ ይዞ መጣ፣ የምታብረቀርቅ፣ ሁለት ዘንግ ያላት፤ አንዷ መሪ፣ አንዷ ነዳጅ። ለማርሽ የሚሆን ሦስተኛ መንገድ የላትም፤ ሙላት የነዳጁን ዘንግ ለማርሽ ቢያደርጋትም ውስጧ ያለችው ሞላ እጅህን ባነሳህ ቁጥር ወደ መሐል ትጎትታታለች፣ አባዬ አንደኛ ያስገባሉ፣ እጃቸው ሲደክም ማርሹ ይወጣል፣ ያስገባሉ፣ ይወጣል። ትንሽ ሞከሩና "ፎሌ" አሉ። ሙላት ዕቃውን ሰብስቦ አጎቴን ጠየቀው፣ እዚያው ሱቅ ሌላ የለም ወይ ብሎ። አጎቴ አንዲት የመጫወቻ አውሮፕላን መንጃ የነበረች፣ ጎኗ የተጨረመተ፣ አንቴናዋ የተሰበረ፣ ከነመቀበያዋ የተቀመጠች አሮጌ ሬዲዮ መኖሯን ነገረው፣ "እሷ ግን ተበላሽታለች፣ የግራ ዘንጓ ሲለቋት አትመለስም፣ ባለችበት ነው የምትቀረው" አለው። ሙላት ያን ቀን ሲስቅ አየሁት፣ ብዙ አይስቅም ነበር። "አጎቴ፣ እሷን ነው የምፈልጋት" አለው። አጎቴ ጤነኛዋን መልሶ በሽተኛዋን ሲያመጣ መንገዱን ሁሉ ሲያማን መጣ።

ሙላት አዝመራው እስኪገባ በእሷ ላይ ዋለ። የሰርዲን ቆርቆሮ ቆርጦ ግራው ዘንግ ሥር አስገባ፣ በሞረድ ሦስት ጥርስ አወጣለት፣ በአንደኛና በሁለተኛ መሐል ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ ለፎሌ ተወ፤ አባዬ ዘንጓን ሲገፏት ቀጭ ትልና ትቆማለች፣ እጃቸው ቢንቀጠቀጥም አትወጣም። የዘንጓን ጫፍ እንዲሞላላቸው የኤንትሬ ማርሽ ጭንቅላት በምታህል የእንጨት ድቡልቡል ሸፈነው። ለአንቴናው የእማዬን ጃንጥላ አጥንት ነቀለ፣ እሱ ላይ ሌላ አጥንት ቀጠለ፣ ሬዲዮዋ ከቤቱ ክዳን በላይ የምትወጣ ሆነች። የባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ ለሞተ ባትሪ ደግሞ የመተማን ፀሐይ የሚያህል የለም። አነዳዷም እንዲህ ነበር፤ ሬዲዮዋ አባዬ ጭን ላይ ትቀመጣለች፣ እሳቸው በግራ እጃቸው ማርሽ፣ ሙላት ከጎናቸው ተንበርክኮ በቀኝ ዘንግ መሪና ነዳጅ። ሁለት ሰው አንድ መኪና ይነዳል።

መጀመሪያ የነዷት ዕለት እኔ ሰሊጥ የሞላሁትን ከረጢት ጫንኩባት። ግቢው ውስጥ ሙላት ዳገት ሠርቶላታል፣ ከጎኑም በሁለት ድንጋይና በጣውላ ድልድይ። ዳገቱን ስትጀምር ሞተሯ ሲያቃስት፣ አባዬ ማንም ሳይነግራቸው ቀጭ አድርገው ከሁለተኛ ወደ አንደኛ አወረዷት፣ ወጣች። አፋቸው በአንድ ጎን ፈገግ አለ። እማዬ ምሰሶውን ተደግፋ አለቀሰች። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ደስ እንዳለኝ አውቃለሁ፣ ደስታው ምን ምን እንደሚል ግን ዛሬ ባስብ ባስብ አይመጣልኝም።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት መንዳት ሆነ። ሙላት፣ ያ ሰው የማያናግር ልጅ፣ መኪናዋ ላይ ሲሆን ድምፁ ሰፈር ያሰማል። አባዬ መናገር ስለማይችሉ የእሳቸውን ማርሽ የሚጠራላቸው እሱ ነው። "ሦስተኛ ገባ! ድልድዩን አለፈ፣ ጭነቱን እንደያዘ ነው! ሁለተኛው ዳገቱ ላይ አልቻለም፣ አንደኛ ይመለስ!"

አጥራችን የማሽላ አገዳ ነው፣ ድምፅ አያግድም። ከአጥሩ ማዶ የሚኖረው አያ ቢምረው የቀበሌው ጥበቃ ነው፣ ከራሱ ዕድሜ የሚበልጥ ጠመንጃ የሚይዝ፣ ክፋት የሌለበት፣ አባዬ ሲታመሙ ሌሊቱን አብሮን ያደረ ሰው። በዚያ በደርግ ዘመን ጦሩ የሚጠራው በቁጥር ነው፤ ሦስተኛ ገባ ሲባል ሰው የሚያስበው ብርጌድ ነው እንጂ ማርሽ አይደለም። ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ በእርግጥም ከጎንደር የመጣ ጦር ከተማው ገብቷል፣ ድልድይ ሲባልም ለሰሚው የገላባት ድልድይ ነው፣ ከማዶው ሱዳን። አያ ቢምረው ከአጥሩ በላይ የሚያብለጨልጭ አንቴና አየ፣ ያንን ሁሉ ሰማ፣ ሄዶም ተናገረ። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እሄድ ነበር።

በጠራራ ፀሐይ መጥተው ሙላትን ከአባዬ ጎን አነሱት። ሬዲዮዋንም ወሰዱ፤ መኪናዋ ዳገቱ ላይ እንደቆመች ቀረች፣ መጫወቻን ማን ይጠረጥራል። አባዬ "ፍሬን፣ ፍሬን" አሉ። ወታደሮቹ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባቸውም።

እማዬ ያልደረሰችበት ደጅ የለም። ሰላይ ተብሎ የተያዘ ልጅ በዚያን ጊዜ ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል፣ ጎረቤትም አውቆ እኛ ቤት መምጣት አቆመ። በመጨረሻ የሰማን አንድ መቶ አለቃ ነው፣ ቀጭን፣ ትሑት አነጋገር ያለው። "መኪናይቱንና አባቱን አምጡና እንይ" አለ። አባዬን በአህያ ጋሪ ጭነን ጦር ሰፈሩ ሜዳ አደረስናቸው። ሙላት ጢሙ አድጎ፣ ከስቶ ቆሟል። አያ ቢምረው ተጠርቶ የሰማውን ደገመ፣ "ሦስተኛ ገባ፣ ሁለተኛ አልቻለም፣ አንደኛ ይመለስ ብሎ ሲያስተላልፍ በጆሮዬ ሰምቻለሁ" አለ፣ እያለም ዓይኑ መሬት ላይ ነበር።

ሬዲዮዋን ከፍተው ሽቦዎቿን በጣጥሰዋታል። ሙላት ምስማር አስግሎ፣ እማዬ ከነጠላዋ ጫፍ የፈታችለትን ዕጣን ነካ አድርጎ፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየው በየዳት። ከዚያ አባዬ ጭን ላይ አስቀመጣትና ተንበረከከ። አንደኛ። ሁለተኛ። መኪናዋ ሜዳውን ስትይዝ ሙላት በሰለለ ድምፅ "ሦስተኛ ገባ" አለ፣ ወታደሮቹም ገባቸውና ሳቁ፣ ሳቁ፣ አንዳንዱ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ፣ አያ ቢምረው ፊቱን በፎጣው ሸፈነ። መቶ አለቃው ብቻ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ቆርቆሮውን፣ ጥርሶቹን፣ የጃንጥላውን አንቴና አንድ በአንድ አየ፣ "አባት፣ ይህን ማን ሠራው?" ሲልም ጠየቀ።

አባዬ ከታመሙ ወዲህ ሁለት ቃል አገናኝተው አያውቁም። ያን ቀን ጥርት አድርገው "ልጄ ነው" አሉ።

መቶ አለቃው ራሱን ነቀነቀ። "እንዲህ ያለ እጅ ፓምፕ ሲጠግን አይቀርም፣ ጦሩ የሬዲዮ ሰው ይፈልጋል" አለ። በቁጣ አይደለም፣ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው ነው የተናገረው። ሙላት ነፃ ተባለ፣ ሬዲዮዋም ተመለሰችልን፣ በዚያው ሳምንት ግን እሱ ለውትድርና ተጫነ። ሲሄድ አባዬ ኒሙ ሥር ነበሩ። ወታደራዊው መኪና ከሰፈሩ ሲወጣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ሲርቅ ግራ እጃቸው ዘንጓ ላይ ሆና ተከተለችው፣ ድምፁ ሲጠፋም ቀጭ አድርገው መለሷት። "ፎሌ" አሉ። እኛም እንደ ልማዳችን ተነስተን ወጣንላቸው።

ሰሜን ነው ያለው ሲባል ሰማን፣ ከዚያ ወዲያ የሰማነው የለም። አባዬ ሌላ ሁለት ክረምት ኖሩ፤ ሬዲዮዋን ከጭናቸው አላወረዱም፣ ዘንጓንም አልነኳትም። ደርግ ሲወድቅ በሱዳን በኩል የተበተኑ ወታደሮች በድልድዩ ሲመለሱ እማዬ ጥላ በሌለው ቦታ ቆማ የእያንዳንዱን ፊት ስታይ ከረመች። እኔ አብሬያት ቆሜያለሁ። እማዬ ታለቅሳለች፣ እኔ አላለቅስም፣ ሰዉም "ይህች ልጅ ምን ዓይነት ልብ ነው ያላት" ይል ነበር። ልክ ናቸው፣ ያኔ የደነዘዘው ነገር እስከ ዛሬ እንደደነዘዘ ነው፤ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ቀብሬ፣ ሁሉንም ሳደርግ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረግኩት።

ሣጥኑን ባወጣሁ ማግስት ሬዲዮዋን ይዤ ወደ ስልክ ጠጋኙ ተመለስኩ። ምን እንዲያደርግልኝ እንደፈለግኩ አላውቅም፣ የሙላትን ብየዳ የሚያውቅ ሰው እንዲያይልኝ ይሆናል። ልጁ ገልብጦ አያት፣ "ማን ነው እንዲህ የሠራው?" አለ፣ በአድናቆት ነው፤ እኔ ግን ለዚያ ጥያቄ መልስ መስጠት አልወድም። እሱም አውራ ጣቱን ዘንጓ ላይ አሳርፎ ገፋት። ቀጭ አለች፣ አንደኛ ገባች፣ አባዬ ፎሌ ላይ ካቆሟት ጀምሮ ማንም ያልነካት ዘንግ። ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

"መልሳት" አልኩት። "ፎሌ ላይ መልሳት።"

"ፎሌ ምንድን ነው እማማ?" አለኝ።

ከእጁ ተቀብዬ ራሴ መለስኳት።