ዋልያ ለማየት ስሜን የወጣን ጊዜ

ወረታ ሳስተምር የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ለስብሰባ አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ አንድ አዲስ ቃል ይዘው መጡ፤ «መዝናናት»። ከዚያ በፊት የፎገራ ሰው ሥራ ሲፈታ ይቀመጥ ነበር እንጂ አይዝናናም። የሠለጠነ ሰው በዕረፍቱ ተራራ ወጥቶ አውሬ ያያል አሉን። ስሜን ለዱር እንስሳት ሊከለል ነው እየተባለ ይወራ ነበርና፣ የጥር ዕረፍት ሲደርስ ዋልያ ለማየት የጉዞ ቀን ተቆረጠ።

ሌሎቹ መምህራን አንዱ ሐዘን፣ አንዱ ሠርግ እያሉ ሲቀሩ እኔ የምለው አጥቼ ተያዝኩ። ሦስተኛው ተጓዥ ወረታ ላይ ጨርቅ የሚነግዱ ሐጂ ነበሩ። እሳቸው ዋልያ ብለው አልመጡም፤ ደገኛው ብርድ ልብስ ይገዛ እንደሆነ ሊያዩ ነው።

እስከ ደባርቅ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በበቅሎ ሄድን። ዲሬክተሩ ተወልደው ያደጉት ሜዳ ላይ ነው፤ እኛ ዘንድ ከፍታ የሚባለው ክረምት ውሃ የማይተኛበት ጉብታ ነው። ቢሆንም መንገዱን ሙሉ ስለ ተራራ አየር ጥቅም አስተማሩን። አቀበቱ ላይ ያ አየር አጠራቸው። ከበቅሎ ወርደው ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። ጭላዳዎች አጠገባችን ሣር ይነጩ ነበር፤ ቀና ብለው አዩንና ወደ ሣራቸው ተመለሱ።

ዲሬክተሩ ምሳ የሚበላው ጥሩ እይታ ካለበት ነው ብለው አገልግላቸውን ገደል አፋፍ ላይ አስከፈቱ። ወዲያው አንድ ትልቅ ቁራ ወርዶ የዶሮውን ፈረሰኛ ይዞ ሄደ።

«ተፈጥሮ ነው» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ከቁራው አልተነቀለም።

ሲመሽ አንዲት ገበሬ ቤቷ አስጠጋችን። እግራችንን አስታጥባ የገብስ ቂጣና ትኩስ ወተት ሰጠችን። ዲሬክተሩ ራሳቸውን አሟቸው ይንቀጠቀጡ ስለነበር ምድጃው ዳር አስተኝታ በራሷ ደበሎ ሸፈነቻቸው። ሙቀቱ ሲሰማቸው ንግግራቸው ተመለሰ።

«እንዲህ ያለ ሥፍራ ሰው ባይኖርበት ይሻላል» አሉ። «አውሬው ይረበሻል።»

«የት እንሂድ ነው የሚሉት?» አለች ሴትዮዋ።

«ሜዳ ሞልቷል።»

«እርስዎ ከሜዳ አይደል የመጡት? ሰፊ ነው?»

«በጣም ሰፊ።»

«ታዲያ ምነው እዚያው ቢቀመጡ፣ ጌታዬ?»

ሐጂ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ዲሬክተሩ ደበሎውን እስከ ራሳቸው ሳቡት።

ጧት የሴትዮዋ ባል ዋልያ ላሳያችሁ ሲለን ዲሬክተሩ «ራሴን» ብለው ተገላበጡ። እኔና ሐጂ ወጣን። ከበታቻችን፣ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት በማይመስል የገደል እርከን ላይ፣ አንድ ወንድ ዋልያ ቆሟል። ቀንዱ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ጀርባው ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ዘወር ብሎ አየን፤ አልሸሸም። ሐጂ ስለ ብርድ ልብሱ ያወሩትን ሁሉ ረሱት። እኔም ተገድጄ የመጣሁበትን ንዴት ረሳሁ።

ትምህርት ሲከፈት ዲሬክተሩ ሰልፍ ላይ ስለ ዋልያ ንግግር አደረጉ። ከዚህ እስከ ባንዲራው እንጨት በሚሆን ርቀት ላይ ዓይን ለዓይን ተያየን አሉ። ጺሙን ሳይቀር ገለጹ። ስለ ሴትዮዋ ቤት ግን ቃል አልተነፈሱም፤ ያደርነው ድንኳን ተክለን ነው አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ ሱቅ ሄጄ ነገርኳቸው። ለአንዲት ሴት አቡጀዲ እየለኩ ነበር።

«ድንኳኑን ከማን ገዙት?» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «እዚህ አገር ሸራ የምሸጠው እኔ ብቻ ነኝ።»